ትንሽ ጣቢያ ልግባ ወይስ ትልቁን ልጠብቅ?

ጥያቄዋን በአጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። በሶሲዮሎጂ ተመርቃ ሁለት ዓመት በአንድ ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያ ላይ ሠርታለች። አሁን አሥር ፖሊሶች ብቻ ባሉት የአንድ ትንሽ ከተማ ፖሊስ ክፍት የሥራ ቦታ አይታለች። «ጓደኞቼ የጠፋ ውሻ ስትፈልጊ ልትኖሪ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ትልቅ ከተማ እስካገኝ ብጠብቅ ይሻለኛል? እዚያ ብገባ ሙያዬ በዚያው እንዳይቀር ፈራሁ። ደግሞ ደፋር የምባል ሰው አይደለሁም» ትላለች። የማመልከቻ ደብዳቤዋንም አያይዛ ልካልኛለች።

ውድ እህቴ፣

ስለ ውሻው ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። የጠፋ ውሻ ትፈልጊያለሽ፤ ከአንድ ጊዜም በላይ። የተሳሳቱት ይህን ከፖሊስ ሥራ ውጭ አድርገው ማሰባቸው ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎች የልምምድ ቦታ ሳፈላልግ በአንድ ትንሽ ጣቢያ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ዋልኩ። ጠዋት አንድ አባት የልጁን ብስክሌት ቁጥር ሊያስመዘግብ መጣ፤ ብትሰረቅ ባለቤቷ እንዲታወቅ። ቀጥላ አንዲት ሴት የመኪና ግጭት ሪፖርት ቅጂ ጠየቀች፤ ኢንሹራንስ ያለሱ አልከፍልም ብሏታል። አንድ ወጣት ለሥራ ቅጥር የጣት አሻራ ሰጠ። ለሁለት ሳምንት ከከተማ የሚወጡ ባልና ሚስት «ቤታችንን እያያችሁልን» ብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ ናት። እናቷ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሱም። ተረኛው ፖሊስ ሄዶ በሩን አንኳኳ። እናትየው ደህና ናቸው። ስልካቸው ቻርጅ ጨርሶ ነው። ፖሊሱ እዚያው ቆሞ ለልጅቷ ደወለላትና እናቷን አገናኛት። በዚያ ቀን አንድም ሰው አልታሰረም። እኔ ግን ስወጣ ጣቢያው ለምን እንዳለ ከበፊቱ በተሻለ ገብቶኝ ነበር።

ይህን የምልሽ እንዲያው ስሜቴን ልንገርሽ ብዬ አይደለም። በጥናትም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ አንድ ሙከራ ተደረገ። አሥራ አምስት የቅኝት ቀጠናዎችን በሦስት ከፈሉ። በአንዱ የመደበኛ መኪና ቅኝትን አስቀሩ፣ በሌላው በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨመሩ፣ በሦስተኛው እንደነበረ ተዉት። በወንጀሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም። ነዋሪዎቹም ለውጡን ልብ አላሉትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1978 እና በ1979፣ በኒው ጀርሲዋ ኒውአርክ ፖሊሶችን ከመኪና አውርደው በእግር እንዲዘዋወሩ አደረጉ። እዚህም የወንጀሉ መጠን ብዙ አልተነቃነቀም። ነዋሪዎቹ ግን በእግር የሚሄደውን ፖሊስ አስተዋሉት። ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ስለ ፖሊስ ያላቸው አስተያየትም ተሻሻለ።

እኔ ከእነዚህ ሁለት ሙከራዎች የምወስደው ይህን ነው። ሰው ደህንነት የሚሰማው በመስኮቱ ፊት መኪና እልፍ ሲል ሳይሆን፣ ስሙን የሚያውቅና ሲጠሩት የሚመጣ ፖሊስ ሲኖረው ነው። ትንሽ ጣቢያ ይህን የመስጠት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጃፓኖች ነገሩን ቀድመው ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። «ኮባን» የሚሏቸው ትናንሽ የሰፈር ፖሊስ ጣቢያዎች አሏቸው። እዚያ ያለው ፖሊስ መንገድ ይጠቁማል፣ የወደቀ ንብረት ተረክቦ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ በየቤቱ እየዞረ ነዋሪዎችን ያነጋግራል። በገጠር ደግሞ «ቹዛይሾ» የሚባል አለ። ፖሊሱ ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖራል፤ ቤቱም ጣቢያውም አንድ ነው።

አሁን ወደ አሥሩ ፖሊሶች እንመለስ። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ይህን ሒሳብ ማንም አይነግርሽም። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንዲት ወንበር ቀንም ሌሊትም ሰው እንዳይለያት ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል። ዕረፍት፣ ሕመምና ሥልጠና ሲጨመር አምስት ይሆናል። ስለዚህ አሥር ፖሊስ ማለት በማንኛውም ሰዓት ሥራ ላይ ያሉት በግምት ሁለት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ከእነሱም አንዱ ቢሮ የሚቀመጥ አዛዥ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻሽን ልትሆኚ ትችያለሽ። አጋዥ የሚመጣልሽም ከጎረቤት ከተማ ሊሆን ይችላል።

ይህ አስደንግጦሽ እንድትተዪው አልፈልግም። ግን አውቀሽው ግቢ። ደግሞ እንዲህ ያለ ጣቢያ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባደረገው የናሙና ጥናት ከአገሪቱ የከተማና የአካባቢ ፖሊስ ተቋማት ግማሽ ያህሉ ከአሥር ያነሱ ፖሊሶች ነበሯቸው። በፊልም የምናየው ባለ ብዙ ፎቅ ጣቢያ ነው። ብዙ ጣቢያ ግን ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ ቢሮ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ልታስቢበት ወደሚገባው ነገር ልምጣ። ከትንሽ ቦታ ከባዱ ነገር ወንጀሉ ሳይሆን መተዋወቁ ነው። በፍጥነት ሲነዳ ያስቆምሽው ሰው ነገ ልጅሽን የሚያስተምረው መምህር ነው። ሌሊት ጩኸት ሰምተሽ የገባሽበት ቤት ባለቤት ጠዋት ገበያ ላይ ታገኝሻለች። ዓይኗን ከዓይንሽ ታሸሻለች። ምን ታደርጊያለሽ? ሰላም ትያታለሽ። ስለ ሌሊቱ ግን ትንፍሽ አትይም፤ ለእሷም፣ ለባልሽም፣ ለእናትሽም። የሰው ገበና የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ቃል ካመለጠችሽ የከተማው ግማሽ ሁለተኛ ለፖሊስ አይደውልም። ለመደወል የሚፈሩት ደግሞ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚደበደቡት።

የጣቢያው ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። ለሥራ ካልሆነ በቀር የማንንም ስም አትፈልጊበት። የጎረቤትን ወይም የቀድሞ ፍቅረኛን መረጃ በጉጉት ብቻ ከፍተው አይተው ከሥራ የተባረሩ፣ አልፎም የተከሰሱ ፖሊሶች አሉ። የፈለግሽው ሁሉ ስምሽና ሰዓቱ ተይዞ እንደሚቀመጥ አስቢ።

ሌላው ፈተና አድልዎ ነው። የማታውቂውን ሰው መቅጣት ቀላል ነው። የምታውቂውን በምክር ማለፍም ቀላል ነው። ሁለቱን ስታደርጊ ከዋልሽ ግን እንግዳው ሁሉ ተቀጪ፣ ወዳጁ ሁሉ ታላፊ ይሆናል። ሕዝቡ ይህን በወር ውስጥ ያውቅብሻል። ለማስጠንቀቂያ የሚበቃው ጥፋት ለሁሉም ለማስጠንቀቂያ ይብቃ።

«ደፋር አይደለሁም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ድፍረት ስትይ ምናልባት ሌባ አሯሩጦ መያዝን አስበሽ ይሆናል። እሱም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ አካልሽን አሠልጥነሽ ትደርሺበታለሽ። ብዙ ፖሊሶች ከምንም በላይ የሚከብዳቸው ግን ሌላ ነው። መርዶ መንገር። የመኪና አደጋ ደርሶ፣ ሌሊት፣ የአንድ ቤት በር ማንኳኳት።

በዚህ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና ግልጽ ነው። በስልክ አይነገርም። ቢቻል ሁለት ሆኖ ይኬዳል። ቤት ተገብቶ፣ ተቀምጦ፣ በማያሻማ ቃል ይነገራል። «ትንሽ ጉዳት ደርሶበታል» ብሎ መጀመር ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ነው። ከተነገረ በኋላም ወዲያው አይወጣም፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ እስኪደርስ አብሮ ይቆያል። አንቺ ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጠሽ ውጤት የሚጠብቁ ሰዎችን ፊት አይተሻል። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር «የሚያለቅሱ ሰዎች አጠገብ መቀመጥ አይከብደኝም» ብለሻል። እሱ ድፍረት ነው እህቴ። በትምህርት ቤት የማይገኝ ድፍረት ነው።

ስለ ዕድገቱ ደግሞ ልሸነግልሽ አልፈልግም። አሥር ሰው ባለበት ቤት ማዕረጎቹ ጥቂት ናቸው። ከላይ ያለው ጡረታ እስኪወጣ ትጠብቂያለሽ። ደመወዙም ብዙውን ጊዜ ከትልልቆቹ ያንሳል። ነፍስ ግድያ ወይም ሌላ ከባድ ወንጀል ሲመጣ ምርመራውን አቅም ወዳለው ከፍ ያለ አካል ማስተላለፍ የተለመደ ነው። መርማሪ መሆን ብቻ ከሆነ ሕልምሽ ትልቁን መጠበቅሽ ትክክል ነው።

ግን ሌላም ጎን አለው። በትልቅ ተቋም አንድ ፖሊስ የስርቆቱን ቃል ተቀብሎ መዝገቡን ለሌላ ክፍል ያስተላልፋል፤ መጨረሻውን ላያይ ይችላል። በትንሹ ቃል የምትቀበዪው አንቺ፣ ጎረቤት እየዞርሽ የምትጠይቂው አንቺ፣ ንብረቱ ሲገኝ የምትመልሺው አንቺ፣ ፍርድ ቤት የምትመሰክሪውም አንቺ ነሽ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ትልቅ ተቋም መዛወር ብትፈልጊ ባዶ እጅሽን አትሄጂም።

ሶሲዮሎጂሽም እዚያ ሥራ ያገኛል። ኸርማን ጎልድስታይን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ያነሳው ሐሳብ ነበር። ፖሊስ ለእያንዳንዱ ጥሪ ለየብቻ ከመሮጥ ይልቅ፣ ጥሪዎቹን የሚያመጣውን ችግር ፈልጎ ማግኘት አለበት አለ። ከአንድ ቤት በሁለት ወር አሥር ጊዜ ከተደወለ አሥር ጥሪ አይደለም፤ አንድ ችግር ነው። ምናልባት የግቢ ወሰን ክርክር ይሆናል፤ ምናልባት መድኃኒቱን ያቋረጠ ታማሚ። ትንሽ ጣቢያ ውስጥ አሥሩንም ጊዜ የሄድሽው አንቺ ስለሆንሽ ክሩን ለማየት ይቀልሻል።

ከማመልከትሽ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። የኋላ ታሪክ ማጣራት ይኖራል። ዕዳ፣ የቀድሞ ሥራ፣ የትራፊክ ቅጣት ሁሉ ሊታይ ይችላል። ያለፈ ስህተት ካለሽ ንገሪያቸው። ትንሽ ስህተት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ውሸት ግን አይታለፍም። ምክንያቱም ፖሊስ ምስክር ነው። አንዴ ዋሽቶ የተያዘ ፖሊስ ፍርድ ቤት ሲቆም የተከሳሹ ጠበቃ ያንን ያነሳበታል፤ የያዘው መዝገብ ሁሉ ይላላል።

ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ አንቺም ጠይቂ። ሌሊት ብቻዬን ስሆን አጋዥ ከየት ይመጣል? በስንት ደቂቃ? የመጀመሪያዎቹን ወራት አብሮኝ የሚወጣ የመስክ አሠልጣኝ አለ? ነዋሪ በፖሊስ ላይ ቅሬታ ሲያቀርብ ማን ነው የሚመረምረው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ሰው ለቀቀ? ከከባድ አደጋ በኋላ የምናነጋግረው ባለሙያ አለ? አዛዡ በእነዚህ ጥያቄዎች ከተቆጣ ለእኔ በቂ መልስ ነው። በዝርዝር ከመለሰልሽ ደግሞ ጥሩ ቤት አግኝተሻል።

አሁንም ካመነታሽ፣ ዩኒፎርም ሳትለብሺም መጀመር ይቻላል። የጥሪ ተቀባይነት ወይም የመዝገብ ቤት ሥራ ካላቸው ጠይቂ። ስልክ የሚቀበለው ሰው በጣቢያው የሚሆነውን ከማንም ቀድሞ ይሰማል።

በመጨረሻ ስለ ደብዳቤሽ። የመጀመሪያውን አንቀጽ አውጪው። «ወንጀልን ለመዋጋት ካለኝ ጽኑ ፍላጎት የተነሳ» የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። በምትኩ የክሊኒኩን ታሪክ አስገቢ፤ ማለቴ ተቆጥተው ጠረጴዛሽን የመቱትን አዛውንት ነገር። ምን አሉሽ፣ ምን መለስሽላቸው፣ እንዴት ተረጋጉ? በተራ ቃል፣ በሆነበት ቅደም ተከተል፣ ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ። የፖሊስ ሪፖርትም የሚጻፈው ልክ እንደዚያ ነው፤ አንባቢው አዛዥ ይህን ወዲያው ያየዋል። ከዚያ ስልክ ደውይና ከተረኛ ጋር አንድ ቀን አብረሽ መዋል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ከፈቀዱ የማታውን ተራ ምረጪ። ውለሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እናስተካክለዋለን።