ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እናቴ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች፣ እንዴት ልቻላት?»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቱ አምሎዲፒንና የሚያሸና ኪኒን ትወስዳለች። ሐምሌ ላይ ቁልቢ ገብርኤል ይዣት ሄጄ ነበር፣ ብር ስላልነበረን በቅጥቅጥ ነው የሄድነው። ሽንቴ ይመጣብኛል ብላ ውሃ አልጠጣም አለች፣ የሆቴል ምግብ ያመኛል ብላ ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ ኪኒኗን ብቻ ዋጠች፣ መስኮት ስከፍት ብርድ ይመታኛል ትላለች። አዋሽን ካለፍን በኋላ ጭራሽ ላብ በላብ ሆና «ወዴት ነው የምትወስጂኝ» እያለች ሰው ፊት ተቆጣችኝ፣ እኔም አላስቻለኝም ጮህኩባት። ማታ ሁለቱም እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። አሁን ደግሞ ለታኅሣሥ ስለቴን ካላደረስኩ ትላለች፣ አቅማችን ያው ነው፣ በርካሽ ነው የምንሄደው። እንዴት ልቻላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽልኝ ሁሉ «ላብ በላብ ሆና» ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። ሳይበሉ ግሊቤንክላማይድ የዋጡ የ68 ዓመት እናት አልቧቸው፣ ያለወትሯቸው ተቆጥተው፣ የት እንደሚሄዱ ሲጠፋባቸው እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስኳራቸው መውረዱን ነው። በእርግጥ የሚታወቀው ሲለካ ነው፣ ያን ቀን አልተለካም፣ ግን የነገርሽኝ ነገር በጣም ይመስላል። ስለዚህ ስለ ጸባይ ከማውራታችን በፊት ይሄን እንጨርስ፣ ምክንያቱም ይሄ ሰው ይገድላል።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ የሚገፋ መድኃኒት ነው፣ ሰውየው ይብላ አይብላ አያይም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን እንዲህ ስኳር የማውረድ ነገር እምብዛም የለውም፣ ግሊቤንክላማይድ ግን ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ስኳሩን ይዞት ይወርዳል። አእምሯችን ደግሞ በዋናነት የሚሠራው በስኳር ነው፣ ሲያጣው መጀመሪያ የሚለወጠው ጸባይ ነው፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል። ታክሲ ውስጥ እንዲህ ሆነው ሰከሩ ተብለው የወረዱ ታካሚዎች አሉ። እናትሽም በተለምዶ የማይናገሩትን ሰው ፊት ከተናገሩሽ፣ የተናገሩት ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል ማለቴ ነው።

ይሄ ምልክት ሲመጣ የስኳር መለኪያ ሜትር ካላችሁ ወዲያው ለኪ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። ሜትር ከሌለ አትጠብቂ፣ እንደወረደ ቁጠሪው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር የሌለውን ሳይሆን ተራውን) አጠጫቸው፣ 15 ደቂቃ ቆይተሽ እይ፣ ካልተሻላቸው ድገሚ፣ ሲነቁ ደግሞ ዳቦ ወይ ሙዝ ይብሉ። ቸኮሌትና ብስኩት ለመጀመሪያው ደቂቃ አይሆንም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ፣ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ይገባል፣ በጎን አስተኝተሽ ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም መሮጥ ነው፣ ጭሮ ሆስፒታል አለ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አንድ ነገር ልብ በይልኝ፣ ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ተሻላቸው ተብሎ ከሰዓታት በኋላ ስኳሩ ድጋሚ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ነቅተውም ቢሆን በዛው ቀን ሐኪም ይያቸው።

አሁን ታኅሣሥ። የታኅሣሥ 19 ንግሥ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፣ እናትሽ እንደሚጾሙ ደግሞ ሳትነግሪኝም እገምታለሁ፣ ያውም ለስለት የሚሄዱ ሰው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በእድሜ ለገፋ ሰው ግሊቤንክላማይድ ብዙም የሚመረጥ አይደለም፣ የሚቀየር ነገር ካለ ይቀየርላቸው። ሁለተኛ፣ ምግብ የሚዘለል ቀን የትኛው ኪኒን እንደሚቀርና የትኛው እንደሚቀጥል በወረቀት ይጻፍላችሁ። እስከዛው ግን አንድ ነገር ያዥ፣ ምግብ ካልተበላ ግሊቤንክላማይድ አይዋጥም። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፣ ቤተክርስቲያን ለታመመ ሰው መፍትሔ አላት፣ እናትሽ ደግሞ ከኔም ካንቺም ይልቅ አባ ሲነግሯቸው ነው የሚሰሙት። ለዛ አባን ቀድመሽ አንቺ ብታናግሪያቸው በጣም ነው የሚረዳሽ።

የሆቴል ምግቡን ጉዳይ በተመለከተ እናትሽ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። መንገድ ላይ ተቆርጦ የቆየ ሰላጣ፣ ደጋግሞ የፈላ ዘይት፣ ባልታጠበ እጅ የቀረበ ነገር ለሳቸው እድሜ ተቅማጥ ነው፣ ተቅማጥ ደግሞ ከሚያሸናው ኪኒን ጋር ሲደመር ኩላሊት ይጎዳል። ከቤት ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ያዙ፣ ርካሽም ነው። ተቅማጥ ከያዛቸው አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ ካስመለሳቸውና መጠጣት ካቃታቸው ደግሞ ሜትፎርሚኑን ሳይወስዱ ወደ ጤና ተቋም።

ውሃ አልጠጣም ማለታቸው ላይ ግን መፍረድ ይከብደኛል። እስቲ ራስሽን እሳቸው ቦታ አድርጊ፣ የሚያሸና ኪኒን የዋጡ ትልቅ ሴት፣ ነጠላ ለብሰው፣ ወንድ የሞላበት ቅጥቅጥ ውስጥ «ሹፌር አቁምልኝ» ብለው ሜዳ ላይ እንዲቀመጡ ነው የምንጠብቅባቸው። አያደርጉትም፣ ጥም ይመርጣሉ። ከመተሐራ እስከ ሚኤሶ ያለው ቆላ ደግሞ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ እዛ ሳይጠጡ መዋል ግፊቱን ጥሎ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ሽንት ይዞ መዋሉም ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። መፍትሔው ጠጪ ጠጪ እያሉ መጨቃጨቅ አይደለም፣ ሽንት ቤቱን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። መናኸሪያ ስትሳፈሩ ሳትከፍይ በፊት ረዳቱን ለብቻ ጥሪውና እናቴ ስኳር አለባት በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ መቆም አለብን በይው፣ እሺ ካላለ ሌላ መኪና ያዢ። አብዛኛው ረዳት ለእናት ሲባል እሺ ይላል። የሚያሸናውን ኪኒን የጉዞ ቀን ከደረሱ በኋላ መውሰድ ይችሉ እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ግን ከራሳችሁ አታቋርጡት።

ወይም ባቡሩን አስቡበት። ከአዳማ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሽንት ቤት አለው፣ ተነስተው መንቀሳቀስ ይችላሉ፣ ሰውም ላይ ሰው አይጫንም። ጣጣው ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ መሆኑና ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ተመልሶ ዳገቱን በመኪና መውጣት መኖሩ ነው፣ የሚሄድበትን ቀንና ትኬቱንም ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ግን ለሳቸው ሁኔታ እኔ ብሆን ይሄን ነው የምመርጠው።

እግራቸው ሁለቱም እኩል አብጦ ጠዋት ከጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቀን ተንጠልጥሎ ከመዋሉ ነው፣ አምሎዲፒንም ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ስትቆሙ ወርደው ይራመዱ፣ ተቀምጠውም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ ማታ እግራቸውን ትራስ ላይ ይስቀሉ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመ፣ ከሞቀ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ማታ ነው ነገ ነው ሳትይ ሆስፒታል።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ንፋስ በሽታ አይሆንም፣ የታፈነ መኪና ውስጥ ሲያስል የሚውል ሰው አየር ነው የሚያስፈራኝ። ነጠላውን አንገታቸው ላይ ጠቅልለሽ ፊት አካባቢ አስቀምጫቸው፣ እሳቸው ይሞቃቸዋል አየሩም ይገባል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል፣ ሎሚም ይያዙ።

ደብዳቤሽ ላይ ያላነሳሽው ግን የስኳር ሐኪም ሁሉ ስለ ቁልቢ ሲሰማ የሚያስበው ነገር አለ፣ እሱም ባዶ እግር። ለስለት ብለው ጫማ አውልቀው ዳገቱን የሚወጡ እናቶች አሉ። ስኳር የቆየበት እግር ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፣ ድንጋይ ሲቆርጠው አይሰማውም፣ ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው የሚታወቀው፣ በዚህ የተነሳ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እስከ በሩ በጫማ፣ አዲስ ባልሆነ በሰፋ ጫማ፣ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ወፍራም ካልሲ። ማታ ማታ አንቺ ራስሽ እግራቸውን አጥበሽ በጣቶቹ መሀልና ከሥሩ በባትሪ እዪላቸው። እግር ማጠብ በኛ ሀገር ልጅ ለእናቷ የምታደርገው ስለሆነ ምርመራ ነው ብለሽ መንገር እንኳን አይጠበቅብሽም።

ብሩ ትንሽ ነው ብለሻል፣ ስለዚህ የት ማውጣት እንዳለብሽ ልንገርሽ። ልብስና ስጦታ ይቅር፣ የመኪናው ፊት ወንበር ይያዝ፣ ምድር ቤት ያለ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ አልጋ ይያዝ። በንግሡ ሰሞን ቁልቢ አልጋ ስለማይገኝ ውጭ ወይ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ብዙ ነው፣ ደጋ ነው ሌሊቱ ይበርዳል፣ ለሳቸው አይሆንም፣ ጭሮ ወይ ሂርና አድሮ ጠዋት መድረስ ይሻላል። መድኃኒቱ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ መኪና አናት ላይ እንዳይጫን፣ እጅሽ ላይ በያዝሽው ቦርሳ ይሁን፣ ከምትቆዩበት ቀን ለሁለት ሦስት ቀን የሚተርፍ፣ ከቀጠሮ ካርዱ ጋር። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከሞተሩ አርቁት።

ድሬዳዋ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ። ድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ ነበረባት፣ አዲሷ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትፈለፈላለች፣ እኛ የለመድነው የገጠር ወባ ብቻ አይደለም።

እንዴት ልቻላት ላልሽው፣ መናደድሽ ክፉ ልጅ አያደርግሽም። ሌሊት ተነስተሽ፣ ዕቃ ተሸክመሽ፣ ብሩን እየቆጠርሽ፣ የሳቸውንም ሽንት የሳቸውንም ምግብ ብቻሽን እያሰብሽ ነው የምትሄጂው፣ ይሄ ለማንም ከባድ ነው። ወንድም ወይ እህት ካለሽ አንዱ አብሮሽ ይሂድ፣ ካልሆነም የመኪናውን ወጪ ይጋሩ፣ ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። ለእናትሽ ደግሞ የሐምሌውን ነገር አስረጃቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን እንደሚችል ንገሪያቸው፣ ምናልባት እሳቸውም የተናገሩት እያሳፈራቸው ዝም ብለው ይሆናል። እና አንድ ስምምነት አድርጉ፣ መንገድ ላይ «እማዬ ስኳር እንለካ» ስትያቸው እምቢ እንዳይሉ። በተናደዱብሽ ቁጥር መልስ ከመስጠትሽ በፊት ለኪ፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊ።

ስትመለሱ ያን ወረቀት ለሐኪሙ አሳዩት፣ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው በሱ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ካንቺም ከሳቸውም ማንኛችሁም ትኩሳት ካተኮሳችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ቆላ ሄደን ነበር ብላችሁ በዛው ቀን የወባ ደም ምርመራ አስደርጉ።