ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቪዲዮውን ያዙ

እህቴ፣ «ባሌ እያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ቀን ደግሞ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል፤ ከየት እንጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየደጋገመ የሚቋረጥበት ሕመም) ያለብኝ ሰው ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉም በፊት ሌሊት ሲተኛ በስልክሽ ቅረጪው። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ አፌ ይደርቃል፣ ሌሊት ሽንት ያመላልሰኛል። ከፒያሳ ሜክሲኮ ታክሲ ስይዝ ቸርችል ጎዳናን ሳንጨርስ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፤ ረዳቱ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ደርሰናል» ይለኛል። ይህን ሁሉ ስናገር አንዱ ሐኪም የግፊት መድኃኒቴን ጨምሮ «ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኘኝ። እናቴ «ዱካክ ነው» ብላ ጸበል አመጣችልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ።

ባለቤቴ የቀረጸችውን ይዘን የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስንሄድ ነው ነገሩ የተለወጠው። ማንኮራፋቱ ይሰማል። ከዚያ ጸጥ። ደረቴ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አየር ግን አይገባም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን እላለሁ። ሐኪሙ «እስቲ ይድገሙልኝ» አላት። ጉሮሮዬን አየ፣ የአንገቴን ዙሪያ ለካ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ጻፈልኝ።

ምርመራው በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ከመንገላታት በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ቤት ወስደው የሚተኙበት መሣሪያ ካላቸውም ጠይቁ። አያምም። ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ ነው፤ ሆስፒታል የሚያድሩበት ራስ ላይም ሽቦ ይለጠፋል። ውጤቱ ላይ ዋናው ቁጥር በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ ለ10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ነው። ከ5 በታች ደህና፣ እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የእኔ ከባድ ነበር። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እስከ ስንት እንደወረደም ጠይቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መነሻውም ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙ ያንን አስቦ ያነበዋል።

ሕክምናው ለእኔ ሲፓፕ ሆነ፤ በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው። ውድ ነው። መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም ባትሪውንም አብራችሁ አስቡ። ግን ጠዋት ራሴን ሳያመኝ መነሳት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፣ ማታ መጠጥ ይቅርበት፣ የእንቅልፍ ኪኒን በራሱ ገዝቶ እንዳይወስድ። መኪና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ቢቆጣም ቁልፉን ያዢበት፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት አትስጪው።