ስለ ዲዲቲና ስለ ፖል ሙለር፦ ጥያቄና መልስ

ነፍሳትን ስለሚገድለው ኬሚካል፣ ስለ ዲዲቲ፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲዲቲን የፈጠረው ማነው?

መልስ፦ ውህዱን መጀመሪያ የሠራው ኦትማር ሳይድለር ነው፣ በ1874። ነፍሳት እንደሚገድል ግን አላወቀም። ይህን በ1939 ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር ነው፤ ባዝል ከተማ ጋይጊ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ።

ጥያቄ፦ በአጋጣሚ ነው ያገኘው?

መልስ፦ በፍጹም! የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፦ ነፍሳትን የሚገድል፣ ሰውንና ተክልን የማይጎዳ፣ ርካሽ፣ ቶሎ የማይጠፋ። ለዓመታት ብዙ መቶ ውህዶችን ዝንብ ላይ ሞከረ። ዲዲቲ ላይ ሲደርስ፣ ዝንቦቹን የሚሞክርበት ሳጥን በደንብ ታጥቦም አዲስ የገቡት ዝንቦች ግድግዳውን ሲነኩ ይወድቁ ጀመር። ሙከራውን ለመቀጠል ሳጥኑን ፈታትቶ፣ አጥቦ፣ አንድ ወር ያህል አየር ላይ መተው ነበረበት። ትዕግሥቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚገድለው?

መልስ፦ ትንኟ በእግሯ ከነካችው ይበቃል። ነርቯ ላይ ሶዲየም የሚያልፍበትን በር እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ነርቯ ዕረፍት ስለሚያጣ ተንቀጥቅጣ ትሞታለች።

ጥያቄ፦ ሙለር ሐኪም ሳይሆን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኘ?

መልስ፦ አዎ፣ በ1948፤ ዲዲቲ ብዙ ሕይወት ስላተረፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 መጨረሻ፣ በጣሊያኗ ኔፕልስ ከተማ በቅማል የሚተላለፈው የታይፈስ በሽታ ገብቶ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ልብሱ ውስጥ የዲዲቲ ዱቄት ተነፋለት። ብርዱ ሳይወጣ ወረርሽኙ ተገታ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቆላ ሳለች ቤታችን ይረጭ ነበር ትላለች።

መልስ፦ እውነቷን ነው። በ1958 አገራችን ላይ የተነሣው ወባ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ ወባ ማጥፊያ ተቋቋመ። የወባ ትንኝ ደም ከጠገበች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ወራት የሚቆየው ዲዲቲም እዚያው ያገኛታል። እየቆየች ስለተላመደችው በሌላ መድኃኒት ተተካ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተከለከለ?

መልስ፦ ሙለር የፈለገው ያ ቶሎ ያለመጥፋቱ እርሻ ላይ ሲረጭ ጉዳት አመጣ። ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዓሣ ወደ ወፍ ያልፋል። የንስር እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ ይሰበር ነበር። አሜሪካ በ1972 እርሻ ላይ ከለከለችው። ቶሎ የማይጠፉ አደገኛ ኬሚካሎችን የሚገድበው የ2001ዱ ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ግን ለወባ መከላከያ ፈቅዶታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግድግዳ ላይ የሚረጨው በካሬ ሜትር 2 ግራም ያህል ነው፤ በአውሮፕላን ማሳ ላይ ይበተን ከነበረው ጋር አንድ ላይ መኮነን የለበትም።

ጥያቄ፦ ገበያ ያገኘሁትን ዲዲቲ ለትኋን ልጠቀምበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ተይው። ለዚህ አልተፈቀደም፤ ትኋኑም ከተላመደው ቆይቷል። አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቢ፣ የአልጋውን ስንጥቅ ድፈኚ። እህል አጠገብ ደግሞ ጨርሶ እንዳታስቀምጪው።