ያልዳሰሳችሁትን ወለል ቀለም አትቀቡት

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ ሥነ ምድር ለምትማሩ ልጆቼ፤

ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ «ባሕር የሌለው አገር ልጅ የባሕር ወለል ደለልን ለይቶ በካርታ ማስፈርን ቢማር ምን ይጠቅመዋል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ያን ዕለት የመለስሁላችሁ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰውን ኮንቴይነር የጫነ መርከብ መልህቁን የሚጥልበት ወለል ጭቃ ይሁን አሸዋ አንድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቅለት ይገባል ብዬ ነበር። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ለመገላገል የተሰጠ እንደ ነበር እናንተም ሳይገባችሁ አልቀረም። ደሴ ተወልጄ ከዕድሜዬ ሠላሳ ዓመት ያህሉን በሰሜን አውሮፓ ጠረፎች በመለኪያ መርከብ ላይ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ አሁን በጡረታ ተቀምጬ ጊዜም ስላለኝ የተሻለውን፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት እንደሚያሳስት ልጻፍላችሁ።

ብርሃን በውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ድምፅ ግን በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የባሕርን ወለል የምናየው በጆሮ ነው። ከመርከቡ ሥር የታሰረው ሶናር ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግረናል፣ የተመለሰው ድምፅ ጥንካሬ ደግሞ የወለሉን ጠባይ ይጠቁመናል። ዓለትና ጠጠር ድምፁን አጠንክረው ይመልሳሉ፣ ለስላሳ ጭቃ አብዛኛውን ይውጠዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሰብስቦ ዓይን የሚማርክ ሥዕል ያወጣል፤ ወጣት ባለሙያ የሚሳሳተውም በዚህ ሥዕል ፊት ተቀምጦ ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። በአንድ የባሕር ወሽመጥ፣ የድምፁን ጥንካሬ ብቻ አምኜ «ጠጠራማ አሸዋ» ብዬ ቢጫ የቀባሁት ስፍራ ነበር፤ ናሙና ያወጣሁት ከስፍራው ዳር፣ ያውም ከአንድ ነጥብ ነበር። በካርታዬ ተማምነው እዚያ የተከሉት ተንሳፋፊ የመርከብ መንገድ ምልክት በመጀመሪያው ማዕበል መልህቁን እየጎተተ ሄደ። ተመልሰን ስንመረምር ወለሉ ጥልቅ ጭቃ ነበር፤ በላዩ ላይ ግን ውፍረቱ አንድ ጣት የማይሞላ የተሰባበረ ዛጎል ተነጥፎበታል። ድምፁን ያጠነከረው ያ ስስ ንጣፍ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሶናርም ጆሮ መሆኑን የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሥዕሉ ላይ ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ልክ ከመርከቡ ሥር ያለው ወለል ድምፁን በቀጥታ ስለሚመልስ ከጎንና ከጎኑ ካለው ይልቅ ብሩህ ሆኖ ይታያል፤ ይህ በሚገባ ካልተስተካከለ ካርታው እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት ይሸነተራል። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጥለቱን «የአሸዋ ሸንተረሮች» ብሎ ሊሰይመው ሲል ደርሼበታለሁ። የመርከብን መንገድ ተከትሎ የሚነጠፍ አሸዋ ግን የለም። ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ሥራው ይረዝማል፤ አብዛኛው ሶናር በአንድ ጉዞ የሚሸፍነው የጥልቀቱን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ስፋት ያህል ስለሆነ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ባለው የጠረፍ ውኃ ላይ ከ30 እስከ 40 ሜትር የሆነ መቀነት ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በዚህ ምክንያት ጠረፍን የሚንቅ አለቃ ካጋጠማችሁ፣ የሥራ ዕቅዱን እንደገና እንዲያሰላው በትሕትና ንገሩት።

ድምፅ ብቻውን ስለሚያሳስት ወለሉን መንካት ያስፈልጋል። የድሮ መርከበኞች ከገመድ ጫፍ ላይ ያለውን እርሳስ ሞራ ቀብተው ይጥሉት ነበር፤ በሞራው ላይ ተጣብቆ የወጣውን አይተው ወለሉ አሸዋ ነው፣ ጭቃ ነው ብለው በካርታቸው ይጽፋሉ። እኛ የተጠቀምነው እ.ኤ.አ. በ1933 በሆላንዳዊው መሐንዲስ በቫን ቪን የተሠራውን፣ ሁለት መንጋጋ ያለውን የብረት መዛቂያ ነው። ቀላልና ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጠጠር በመንጋጋው መካከል ከተሰነቀረ አፉ ሳይገጠም ይወጣል፣ በመንገዱም ጭቃው ታጥቦ አሸዋውና ጠጠሩ ብቻ እጃችሁ ይገባል። እንዲህ ያለውን ናሙና ድፉትና እንደገና ጣሉ። መሸ፣ ባሕሩ ተናወጠ፣ ወጥ ቤቱ እራት አቀረበ የሚሉት ምክንያቶች ሁሉ እኔም ስለተጠቀምሁባቸው አውቃቸዋለሁ።

ወደ መለየቱ እንምጣ። በአማርኛችን ወንዝ ያመጣውን ሁሉ ደለል ስለምንል፣ በዚህ ደብዳቤ ቅንጣቱ በአሸዋና በሸክላ መካከል ያለውን ልም ደለል፣ ከሁሉ የላመውን ሸክላ እለዋለሁ። የሥነ ምድር ባለሙያዎቹ ኡደን እ.ኤ.አ. በ1898 የጀመረውን፣ ዌንትዎርዝ በ1922 ያስተካከለውን የቅንጣት መጠን ሚዛን ዛሬም እንጠቀማለን፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ጠጠር፣ ከዚያ እስከ 0.063 አሸዋ፣ ከዚያ እስከ 0.004 ልም ደለል፣ ከዚያ በታች ሸክላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ፎክ የተባለ ሌላ የሥነ ምድር ባለሙያ ጠጠርን፣ አሸዋንና ጭቃን (ልም ደለልና ሸክላ በአንድነት) በሦስት ማዕዘን ላይ አስቀምጦ ለድብልቆቹ ስም ሰጠ። በዚያ ሦስት ማዕዘን 30 ከመቶ ጠጠር ያለበት ናሙና ጠጠር የሚለውን ስም ይይዛል፤ ጥቂት ጠጠር እንኳ ወለሉን የጠረገውን ኃይለኛ ሞገድ ስለሚመሰክር ፎክ ሆን ብሎ አክብዶታል። ሚዛኑ የሚለካው ግን መጠንን ብቻ ነው። ቋሚ ወንዝ የማይገባበትን ቀይ ባሕርን ብትወስዱ፣ ከጠረፉ አሸዋ ብዙው የዛጎልና የኮራል ስባሪ ነው፤ በወንፊት ላይ ከወንዛችን ከቦርከና አሸዋ ጋር አንድ ስም ሊያገኝ ይችላል፣ ኮምጣጤ ሲነካው ግን የሚፈላው እሱ ነው። ስለዚህ ከመጠኑ ጎን ከምን እንደ ተሠራም ጻፉ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ጭቃን አድርቆ መንፋት ነበር። የደረቀ ጭቃ ይጓጉላል፤ ጓሉም በወንፊቱ ላይ አሸዋ መስሎ ይቀመጣል። ጭቃ ያለበትን ናሙና አስቀድማችሁ ጨውን እጠቡለት፣ ከዚያም በ63 ማይክሮን (0.063 ሚሊ ሜትር) ወንፊት በውኃ አሳልፉት።

ይህን ሁሉ ለመልመድ ባሕር አያስፈልጋችሁም። በሐምሌ የቦርከናን ውኃ በሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች ቅዱ፣ አማስሉና ሰዓት ያዙ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ 2 ማይክሮን የሆነች የሸክላ ቅንጣት ግን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። በሁለተኛው ብርጭቆ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ሸክላው ተያይዞ ቶሎ ሲወርድ ታያላችሁ። ወንዞች ባሕር ሲገቡ ጭቃቸውን በአፋቸው አካባቢ ከሚጥሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የእኛ ቦርከና አዋሽን ተቀላቅሎ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ስለሚቀር፣ ደለላችን ባሕርን የሚያገኘው በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከደሴ በስተሰሜን ወዳለው፣ ስሙም ሐይቅ ወደሚባለው ሐይቅ ውረዱ፤ ተመራማሪዎች ከዚያ ወለል በቱቦ ባወጡት ደለል የ2,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ አንብበዋል። እናንተ ከዳር ጀምራችሁ በጀልባ ወደ መካከል እየገባችሁ ናሙና ብታወጡ፣ አሸዋው የት አብቅቶ ጭቃው የት እንደሚጀምር አንድ መስመር ማስመር እንዴት እንደሚያስቸግር ትረዳላችሁ።

ካርታችሁን ስትሠሩ ናሙና ያወጣችሁባቸውን ነጥቦች አትደብቁ፤ ነጥቦቹ ሲታዩ ካርታው ያስቀይማል የሚል ሰው አይጠፋም፣ ያስቀይም። የምትጠረጥሩትን ወሰን በተቆራረጠ መስመር አስምሩ፣ ናሙናም የሚታመን ድምፅም ያላገኛችሁበትን ስፍራ ነጭ አድርጋችሁ ተዉት።

የ63 ማይክሮን ወንፊቴ ቤቴ አለች፤ ወደ ሐይቅ ስትሄዱ መጥታችሁ ተዋሱኝ። መረቧ እንደ ሻሽ ስስ ስለሆነች በብሩሽ እንዳትፈትጓት፣ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ውኃ ብቻ እየለቀቃችሁ እጠቧት።