ነም ሎክ ይብራ ወይስ ይጥፋ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ኮምፒውተር ሲከፈት የኪቦርዱ ሦስት የሎክ ቁልፎች፣ ማለትም ነም ሎክ (በቀኝ በኩል ያሉትን ቁልፎች ቁጥር የሚያስጽፈው)፣ ካፕስ ሎክ (ፊደሉን ትልቅ የሚያደርገው) እና ስክሮል ሎክ (ቀስቶቹ ገጹን እንዲያንሸራትቱ የሚያደርገው) በርተው ይነሱ ወይስ ጠፍተው? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚመታ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ፓስወርዴን በቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች እመታለሁ፤ አይገባም። ነም ሎክ ጠፍቶ ነው። አብርቼው እገባለሁ፤ በማግስቱ ያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚሁ። ለዘለቄታው በርቶ እንዲነሳ ማድረግ አይቻልም?»

መልስ፦ ይቻላል። የእርስዎ እጅ የለመደው ቁጥሮቹን ነው፤ መስተካከል ያለበት ማሽኑ ነው። ቀላሉን መንገድ አስቀድመው ይሞክሩ። ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ እያሉ ነም ሎክን ያብሩት። ሳይገቡ፣ ከታች በቀኝ ጥግ ካለው የማጥፊያ ምልክት «ሪስታርት» የሚለውን ይምረጡ። «ሸት ዳውን» እንዳይሉት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። ሸት ዳውን ሲሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የራሱን ሁኔታ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። በማግስቱም የትናንቱን ይዞ ይነሳል። ሪስታርት ሲባል ግን ሁሉን ከሀ ይጀምራል።

በዚህ ካልተስተካከለ ባዮስን፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ይዩት። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ እንደ ማሽኑ ዓይነት ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይምቱ። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ስለ ነም ሎክ አንድ መስመር ያገኛሉ፤ «ኦን» ያድርጉት። የመጨረሻው መንገድ ሬጂስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ምርጫዎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ነው። እዚያ ውስጥ «ኢኒሺያል ኪቦርድ ኢንዲኬተርስ» የሚል ዋጋ አለ። 1 ለካፕስ ሎክ፣ 2 ለነም ሎክ፣ 4 ለስክሮል ሎክ ነው፤ 0 ሁሉንም ያጠፋል። በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ብዙ ጊዜ የተጻፈውን 2147483648 ወደ 2147483650 መቀየር ነው፤ ልዩነቱ ያቺው 2 ናት። ሬጂስትሪ ነክተው የማያውቁ ከሆነ ግን የመሥሪያ ቤቱን የአይቲ ባለሙያ ያሠሩት።

«መብራት ሄዶ ሲመጣ» ያሉት ነገር ግን ሌላ ነገር አስጠረጠረኝ። ያን ጊዜ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓትስ ይሳሳታል? ከተሳሳተ ባትሪው አልቋል ማለት ነው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ማሽኑ ሰዓቱን የሚቆጥረው በእሷ ነው። በብዙ ማሽኖች፣ በተለይ በቆዩት ላይ፣ የባዮስን ምርጫ የምትይዘውም እሷ ናት። ስታልቅ ባዮስ ላይ የመረጡት ሁሉ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። እኔም የድሮ ዴስክቶፔን ምን ነካው ብዬ ሁለት ሳምንት ለፍቻለሁ። ባትሪዋን ስቀይር ነገሩ አለቀ።

ጥያቄ፦ «ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአጎቴ የተሰጠኝ ትንሽ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። አንዳንድ ቀን ሲከፈት ፓስወርዴን እንቢ ይላል። ኬን ስመታ 2 ይጽፋል። ተበላሽቷል?»

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ፣ ነም ሎክ በርቶ ነው። ለብቻው የቁጥር ሰሌዳ የሌላቸው የድሮ ላፕቶፖች ቁጥሮቹን ፊደላቱ ላይ ደርበዋቸዋል። ጄ፣ ኬና ኤል 1፣ 2፣ 3 ይሆናሉ። ዩ፣ አይና ኦ ደግሞ 4፣ 5፣ 6። ቁልፎቹን ጠጋ ብለሽ ብታዪ ቁጥሮቹ በትንሹ ታትመው ታገኛቸዋለሽ። ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ ነም ሎክ የሚለውን ተጫኚ። ፓስወርድሽን የምታስገቢው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የመከርኩትን አንቺ እንዳትሞክሪው። በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ነም ሎክ ሁልጊዜ ጠፍቶ ይነሳ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ «ለመሆኑ ነም ሎክ ለምን ተፈጠረ? ቁጥር ቁጥር ነው፤ ምን መቆለፍ ያስፈልገዋል?»

መልስ፦ በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ 83 ቁልፎች ነበሩት፤ ለብቻቸው የተቀመጡ የቀስት ቁልፎች ግን አልነበሩትም። የቁጥር ቁልፎቹ ቁጥርም ቀስትም ሆነው ሁለት ሥራ ይሠሩ ነበር። አንዱን ከሌላው የሚለየው ነም ሎክ ነው። በ1986 ባለ 101 ቁልፉ መጣና ቀስቶቹ የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ነም ሎክ ግን እስከ ዛሬ አለ። ለዚህ ነው ሙሉ ኪቦርድ ባለው ዴስክቶፕ ላይ በርቶ ይነሳ የምለው። ቀስቶች አሉ፤ ቁጥሮቹ ቁጥር ብቻ ቢሆኑ ማን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «አማርኛ በመተየብ ነው የምተዳደረው። ሳላውቅ ካፕስ ሎክ በርቶ ግማሽ ገጽ እጽፍና እደግመዋለሁ። ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል?»

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመለከተኛል፤ እኔም የምጽፈው በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ካፕስ ሎክ ፊደሉን ትልቅ ያደርጋል እንጂ ቃሉን አይቀይርም። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል በመምታት በሚሠሩ ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች ግን ትልቁ ፊደል ሌላ ሆሄ ነው። ት ጥ ይሆናል፣ ን ኝ ይሆናል፣ ች ጭ ይሆናል። «ትል» ብለህ ጽፈህ «ጥል» ይወጣል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያም አይይዛቸውም። አንባቢው ነው የሚያገኛቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቁልፉን ግደለው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርቶይስ የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አለ። ውስጡ «ኪቦርድ ማኔጀር» አለው፤ ካፕስ ሎክን መርጠህ ምንም እንዳይሠራ ማድረግ ትችላለህ። ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሳ አድርገው፤ ካልተነሳ አይሠራም። ፓስወርድ መጠየቂያው ገጽ ላይም አይሠራም፤ እዚያ መብራቱን እያየህ ግባ። ማክ ከሆነ ከኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ሞዲፋየር ኪይስ» ገብተህ ካፕስ ሎክን «ኖ አክሽን» በለው። ቁልፉን መግደል ካልፈለግህ ደግሞ ድምፅ እንዲያሰማ አድርገው። ዊንዶውስ ውስጥ «ቶግል ኪይስ» ሲበራ የትኛውንም የሎክ ቁልፍ ስትነካ ጢው ይላል። መብራቱን ማየት ለሚቸግራቸው ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ ለሚተይብም እጅግ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ «ኤክሴል ላይ ቀስት ስጫን ከሴል ወደ ሴል መሄድ ትቶ ገጹ በሙሉ ይንሸራተታል።»

መልስ፦ ስክሮል ሎክ በርቷል። ኪቦርድዎ ላይ ቁልፉ ከሌለ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ከፍተው እዚያ ያጥፉት። ይህ ቁልፍ በርቶ የሚነሳበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በቅርቡ ማክ ገዛሁ። ሙሉ ኪቦርድ አለው፤ ነም ሎክን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

መልስ፦ አይፈልጉት፣ የለም። ማክ ላይ የቁጥር ሰሌዳው ሁልጊዜ ቁጥር ነው። ነም ሎክ በሚኖርበት ቦታ ላይ ያለው «ክሊር» የሚል ቁልፍ ነው።