መልስ፦ ካርቱን ሲያይ ዝም ይላል፣ ክፍል ውስጥ ግን አይቀመጥም
እህቴ፣ "የ7 ዓመት ልጄን አስተማሪዋ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሳይኖርበት አይቀርም አለችኝ፣ ግን ካርቱን ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይልም" ላልሽው፣ እሱ ብቻውን የለበትም አያሰኝም። የኔም ልጅ እንደዛ ነው። ታብሌቱ በየሰከንዱ አዲስ ነገር ስለሚያሳየው ይይዘዋል፣ ጉዱ የሚወጣው የሚሰለች ነገር ላይ ነው፤ ጫማህን አድርግ ብዬው ስመለስ አንድ እግር ካልሲ አድርጎ ሌላኛውን እጁ ላይ አጥልቆ ሲያናግረው አገኘዋለሁ፣ ለዛውም ሰርቪሱ በር ላይ ክላክስ እያደረገ።

ሐኪሞቹ የሚያዩት ምልክቱ ከ12 ዓመቱ በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱንና ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ነው። ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፣ ጆሮና አይኑን አስመርምሪው፣ እንቅልፉንም እዪ፣ ሲያንኮራፋ የሚያድር ልጅ ቀን ሊቅበጠበጥ ይችላል። የደም ምርመራ ምናምን የለውም፣ ጥያቄና ፎርም ነው፣ አስተማሪዋም ትሞላለች። ስኳር ስለበላ ነው፣ ዱላ ስላነሰው ነው የሚሉሽን እለፊያቸው። በነገራችን ላይ ሴቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፣ ፈዘው ስለሚቀመጡ "ጨዋ ናት" ተብሎ ይታለፋል።

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ከዛ ወዴት እንደምትሄጂ እሱ ይነግርሻል።