ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በሽታ ያመጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ውሃ መጣ ሲባል ጀሪካን ይዤ ስወርድ ተወርዋሪ ኮከብ አየሁ። ለልጄ ነገርኩት። በነጋታው ከሕንፃው ጀርባ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አምጥቶ «እማዬ፣ ኮከቡ ይኸው» አለኝ። አቅፎት ነው ያደረው። ጎረቤቴ ግን «ከጠፈር የሚመጣ ጀርም መድኃኒት የለውም፣ ጣይው» አለችኝ። እውነት ያመዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ይረፍ። ድንጋዩ እንዳልሽው ከሆነ የሰፈራችሁ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ሞልቷል። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተዋቸው ናቸው። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይበሳሳም፤ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል፣ ሲያነሱትም ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ያየሽው ኮከብም አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነገር ናት፤ መሬት ሳትደርስ ተቃጥላ ታልቃለች።

ጎረቤትሽ ግን ከመሬት ተነስታ አላወራችም። በ1969 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ሲመለሱ፣ በሽታ ይዘው እንዳይሆን ተብሎ 21 ቀን እስኪሞላ ከሰው ተለይተው ነበር። ምንም አልተገኘባቸውም፣ ከአፖሎ 14 በኋላ ነገሩ ቀረ። እስካሁን ከምድር ውጭ አንድም ሕይወት ያለው ነገር አልተገኘም።

ጀርም ጠፈር ላይ ይቆያል ወይ ካልሽ፣ አዎ፣ አንዳንዱ ይቆያል። ጃፓኖች ዲኖኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አድርቀው ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ 3 ዓመት አስቀምጠውት ነበር። ከላይ ያሉት ሞቱ፣ የሞቱት ግን ከሥራቸው ላሉት ከለላ ሆኑላቸውና የውስጦቹ ተረፉ። እኔን በጣም ያስገረመኝ ይሄ ነው።

መትረፍና ሰውን ማሳመም ግን ለየብቻ ናቸው። የስንዴ ዋግ ማሳውን ሲጨርስ ገበሬውን አያመውም፣ ምክንያቱም የለመደው ስንዴን እንጂ ሰውን አይደለም። እዚሁ ምድር ላይ ካለው ጀርም እንኳ እኛን የሚያሳምመው ጥቂቱ ነው፤ ሰው አይቶ የማያውቅ የሌላ ዓለም ጀርም ደግሞ ከሰውነታችን ጋር መግባባቱ በጣም ይከብደዋል። በጭራሽ አይሆንም ግን አልልሽም። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈር ውስጥ የሚኖር ነው፣ ሰው አያስፈልገውም፣ ቁስል ካገኘ ግን መርዙ ይገድላል። ከማርስ አፈር ለማምጣት የሚያስቡ ሳይንቲስቶች በጥብቅ ታሽጎ ይምጣ የሚሉትም ለዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ የአፈሩ ነው። የልጅሽ እጅ ተቧጭሮ እንደሆነ እዪው፣ በሳሙና እጠቢው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑንም ጤና ጣቢያ ጠይቂ። ድንጋዩንም አጥበሽ መልሺለት። እባክሽ አትጣይበት።